የኩሽናችን ብሬከር የጠዋት አመል

አማቴ ከእንጦጦ ጀርባ ካለው አገራቸው እኛ ቤት ሊኖሩ የመጡ ሰሞን የኩሽናችን ብሬከር አመል አወጣ። ጠዋት ውሃ ላፈላ ስቶቩን ስሰካ ጧ ይልና ይጥላል፤ ፍሪጁም አብሮ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ደህና ይሆናል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው ነው።

እኔ ቁጡ ነኝ። ከአፌ እንጂ ከሆዴ አይደለም፤ አፌ ግን አያርፍም። የሥራ ሰዓት እየረፈደብኝ በርጩማ ላይ ወጥቼ ከበሩ በላይ ያለውን ብሬከር ባነሳሁ ቁጥር የማልለው የለም። "አሁንስ ቤቱንም አስጠላኸኝ" እለዋለሁ፣ ጆሮ ያለው ይመስል። አማቴ ከሽሮ ሜዳ የገዛንላቸውን ጋቢ ተከናንበው ከበሩ ወዲያ ቆመው ያዩኛል።

ባለቤቴ "ስቶቩ ነው" ብሎ ፈረደ። ስቶቩን ነቀልን፤ በማግስቱ ጣለ። "እንግዲያው ፍሪጁ ነው" አለ። ፍሪጁንም ነቀልን፤ ጣለ። በመጨረሻ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ሽቅብ አየና "መስመሩ አርጅቷል" አለ። እሱ ምክንያቱን ያላወቀለት ነገር ሁሉ አርጅቷል።

በዚህ መሃል አንድ ምሽት እራት ላይ አማቴ እሁድ አገራቸው እንደሚመለሱ ነገሩን።

"እኔ ከገባሁ ወዲህ ነው መብራቱ የከዳችሁ" አሉ። "ገደ ቢስ ሆንኩባችሁ፣ ልጄ። ሳላሰለቻችሁ ልሂድ።"

የጠቀለልኩትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥኩት። አገር ቤት የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ነው። እኔም ብሆን ሥራ ውዬ ስገባ "ደከመሽ፣ ልጄ?" የሚለኝ ሰው ማግኘት ገና መልመዴ ነበር። በአንድ ብሬከር ምክንያት ላጣቸው አልፈለግኩም። ባለቤቴ ቢለምናቸው፣ እኔ ብለምናቸው፣ ወይ ፍንክች።

ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ስለዚህ አርብ ከሥራ እንደገባሁ ኩሽና ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ነቀልኩ። ሁሉም የሚሰካበት፣ መሬት ላይ የተቀመጠው ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ብቻ ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንደተያያዘ ቀረ። ጠዋት ስነሳ ብሬከሩ ጥሎ ጠበቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁም፤ የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው። ዲቫይደሩን ነቅዬ ገለበጥኩት። ከቀዳዳዎቹ ውሃ ተንጠባጠበ።

ወቅቱ በጋ ነው፤ ጣራው አያፈስም። ቧንቧው ያለው በወዲያኛው ጥግ ሲሆን ዲቫይደሩ ደግሞ ሽንኩርት ከምከትፍበት ጠረጴዛ ስር ነው። ዞር ስል የአማቴን ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ከአገራቸው ደብር ያመጡት ጠበል ነው። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ጸሎታቸውን እያነበነቡ ቤቱን ሲረጩ በእንቅልፍ ልቤ እሰማቸው ነበር። ግን ማን አስቦት?

ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። "አንቺ ንገሪያት" አለና አንድ ነገር የረሳ መስሎ ወደ ግቢ ወጣ።

አማቴን ልብሳቸውን በአሮጌ ነጠላ ሲቋጥሩ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ የመብራቱን ነገር አገኘሁት። ዲቫይደሩ ውሃ ገብቶበት ነው።"

እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቆመ። "የምን ውሃ?"

"የጠበሉ።"

"አላልኩሽም? እኔው ነኝ።"

"ጠበሉን የረጩትማ እርስዎ ነዎት። ዲቫይደሩን መሬት ላይ የተወው ግን ልጅዎ ነው። ግድግዳው ላይ ስቀለው እያልኩ ስጨቀጭቀው ከርሜያለሁ።"

ሳቃቸው መጣ፤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። "እሱ ድሮም የጀመረውን አይጨርስም" አሉ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። "ቤቱ ሁሉ እያለ፣ ጠረጴዛው ስር ለምን እንዲህ አበዙት?"

"አንቺ የምትቆሚበት ነዋ" አሉ ቀስ ብለው። "ጠዋት ጠዋት ስትቆጪ እሰማለሁ። የኔ መምጣት የከበደሽ መሰለኝ። ቁጣዋን ያብርድላት ብዬ እዚያ አበዛሁት። በተቆጣሽ ቁጥር እጨምራለሁ።"

ለካ እሳቸው ሲረጩ ብሬከሩ ይጥላል፤ ብሬከሩ ሲጥል እኔ እቆጣለሁ፤ እኔ ስቆጣ እሳቸው ይጨምራሉ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጡብኝ። "እማማ፣ እኔ የተቆጣሁት ብሬከሩን ነው" አልኳቸውና ቋጠሮውን ከእጃቸው ወስጄ ፈታሁት። አልከለከሉኝም።

ከሰዓት ባለቤቴ አዲስ ዲቫይደር ገዝቶ ከጠረጴዛው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እናቱ ቆመው እያዩት ስለነበር ጨረሰው።

እሁድ ጠዋት ስቶቩን ሰካሁ። ብሬከሩ ምንም አላለም፤ ፍሪጁ እያጉረመረመ ሥራውን ቀጠለ። አማቴ ጀሪካናቸውን ይዘው ገቡ፣ የተሰቀለውን ዲቫይደር ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያ ጠበሉን በእፍኛቸው ቀድተው ፊቴ ላይ ረጩት።

"ከእንግዲህ ጠረጴዛውን ትቼ አንቺኑ ነው" አሉ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ልቆጣ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።