አርሲን የበላችው በግ

ትናንት የልጅ ልጄ ለፈተና ጮክ ብላ ስታጠና ሰማኋት። የቆዳ ስፋት፣ የሕዝብ ብዛት፣ የመንግሥት አወቃቀር፣ የኢኮኖሚ መሠረት፤ አገር ምድሩ በአንዲት ገጽ አልቆ ቁጭ ብሏል።

"የእኛስ አካባቢ?" አልኳት።

"ቆላና በረሃማ ነው ይላል፣ እማማ።"

"ሌላስ?"

"አለቀ።"

ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ። ይህን ነገር እኮ ያኔ በአንዲት በግ ጨርሰነው ነበር!

የሶማሊያ ጦርነት አልፎ ጅጅጋ በጥይት የተበሳሳ ቆርቆሮዋን የምትለጣጥፍበት ጊዜ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ከመንዝ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል ያላለፈ። ቦኖ ውኃ ላይ ተራ የሚያጭበረብር ሁሉ ግን ምላሴን ያውቃል። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ከሆዳን ጋር ነው። ሆዳን ከእናቷ ጋር የግመል ወተት የምትሸጥ የሶማሌ ልጅ ናት። አማርኛን የለመደችው ከወታደር ሚስቶች ጋር ስትከራከር ስለሆነ ስድቡን ከሰላምታው ቀድማ ታውቀው ነበር።

አንድ ቀን ከሐረር ፈታኞች ይመጣሉ ተባለ። ለበለጠው ክፍል አዲስ ሰሌዳ ይሸለማል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ እንቅልፍ አጣ። ግቢው መሬት ላይ የአገሪቱን ካርታ በኖራ አሠመረን። ተራራውን በጭቃ ሠራን። ለጎጃም ጤፍ፣ ለከፋ ቡና፣ ለአርሲ ስንዴ ቆለልን። ያኔ ባሕር ነበረንና ለቀይ ባሕር አንድ ሳፋ ውኃ አኖርን። አዲስ አበባ ላይ "መንግሥት" የሚል ካርቶን ተተከለ። ሐረርጌ ሲደርስ መምህሩ ሐረር ላይ ቡናና አንድ እስር ጫት አስቀመጠና እጁን አራገፈ። ከዚያ ወዲህ፣ ጅጅጋ፣ ደገሀቡር፣ እስከ ድንበሩ ድረስ አሸዋ ብቻ።

"እኛስ?" አለች ሆዳን።

"ሐረርጌ ተሞልቷል እኮ።"

"እኔ የቆምኩበት ባዶ ነው!"

"መጽሐፉ ያላለውን ከየት ላምጣ፣ እህቴ?"

ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ከተተች። "በሌለሁበት አገር ፊደል አልቆጥርም። ነገ አትጠብቁኝ።"

ደሜ ፈላ። ያለ እሷ ያ ክፍል ለእኔ ምኔ ነው? "መምህር፣ ትናንት የበሉት ጥብስ ከጎጃም በእግሩ የመጣ ነው?" አልኩት። እሱም ቀላ፣ አንገቱን አከከ። "ነገ ፈታኞቹ ሳይደርሱ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ካመጣችሁ አምጡ። ብቻ እንዳታበላሹብኝ!"

በማግስቱ በማለዳ ሆዳንን ከቤቷ ጎትቼ የከብት ገበያ ወረድን። ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት የደረቅ ወራት ነው፤ ንፋሱ አቧራ እየጫነ ፊት ይገርፋል። ደላሎች በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት እየተነካኩ ዋጋ ይደራደራሉ። የእናቷን ወንድም እዚያ አገኘነው። ነጭ ሆና ራሷ ብቻ ከሰል የመሰለ በግ አዋሰን።

"በጌን አገር ልታደርጓት ነው?" ብሎ ሳቀ። "ሳትከሳ መልሱልኝ!"

ግቢው ተመልሰን ካርታው አሸዋ ላይ ችካል ተክለን አሰርናት። አጠገቧ ከዛፍ ሥራሥር የተሠፋ የወተት ዕቃ አኖርን። የሆዳን ፊት በራ። ፈታኞቹም ደረሱ።

መምህር ታፈሰ ገና "የተከበራችሁ እንግዶች" ከማለቱ በጓ ችካሉን ነቀለች። ባሌን ረግጣ አርሲ ገባች! ስንዴውን እምሽክ አድርጋ፣ ችካሉን እየጎተተች ወደ ሸዋ ወጣች፣ "መንግሥት"ን ገንድሳ ጣለች፣ ወሎን አቋርጣ ከቀይ ባሕር ጠጣች።

በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ነገር አይሳቅም። ዋናው ፈታኝ፣ መነጽር ያደረገ ግዙፍ ሰው፣ የወደቀውን ካርቶን አየና "ይህ ምንድን ነው?" አለ።

"ኢኮኖሚ ነው!" አለች ሆዳን።

"ምን?"

"በጂላል ከብቱ ሣር ወዳለበት ይሄዳል። የኖራ መስመር አያውቅም። እኛ በግ እንሸጣለን፣ ስንዴ እንገዛለን። እሷ ቸኩላ ነው እንጂ ትገዛ ነበር።"

"መንግሥትስ? ለምን ረገጠችው?"

"እኛ ጋ የሚመጣው በመኪና ነው፣ ጌታዬ። ቆሞ አይታው አታውቅም።"

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ካርቶኑን ራሱ አነሳና ወደ መምህራችን ዞረ። "በጓ የነበረችበት ቦታ መጀመሪያ ምን ነበረበት?"

መምህር ታፈሰ መዋሸት ይችል ነበር። "እስከ ዛሬ ጠዋት ባዶ ነበር" አለ።

ሽልማቱን ሌላ ቀበሌ ወሰደ፤ እኛ ከተሰነጠቀው ሰሌዳችን ጋር ቀረን። በማግስቱ ሆዳንን ከሁላችን ቀድማ ተቀምጣ አገኘኋት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ "ሆዳን በግ አላት" ብሎ ጽፏል። ጣቷን እያስኬደች አነበበችውና ተነሥታ "ሆዳን" የሚለውን አጠፋች። "የአጎቴ ናት" አለች፤ የሰው ሀብት በስሟ እንዲቆም አልፈለገችም። እኔ ፍርድ አውቃለሁ የምለው በከንቱ ነው፤ ያን ቀን ከእሷ ተማርኩ።

ሆዳን ዛሬ ደገሀቡር አያት ሆናለች። ስንደዋወል "በጓ እንዴት ናት?" ሳንባባል አንዘጋም።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ "ፈተናው ላይ ብጽፈው ግን ኤክስ ነው የማገኘው፣ እማማ" አለችኝ። ልክ ናት፤ ልጅቷ ማለፍ አለባት። ገጹን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።

"እስክሪብቶ አምጪ" አልኳት።