ሦስት ጊዜ አነሳዋለሁ

ጎንደርን ፎቶ ለማንሳት ሙያ አያስፈልግም። ግንቡ አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ "መቼ ነው የምትሰጠኝ?" እያለ አይጨቀጭቅም። እኔም ጎንደር ሰነባብቼ ከግንብ ግንብ ስዞር ከርሜ ራሴን እንደ ታላቅ ባለሙያ መቁጠር ጀምሬ ነበር።

ቀጣሪዬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ፖስትካርድ እያሳተመ ለፈረንጅ የሚሸጥ ሰው ነው። "ጥንታዊ ከተሞችንና አሮጌ መንገዶችን አንሳልኝ" ብሎ ላከኝ። ጥንታዊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው ጥቂት አሰበና "ቆርቆሮ የሌለበት" አለኝ። ጎንደር ግን አልበቃውም። ከደብረ ታቦር ወዲያ፣ በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ በኩል የነገሥታት ሠራዊት የተመላለሰበት መንገድ አለ ብሎ አንድ ሰው ነግሮታል። ሠራዊቱ ለምን እየተጣደፈ እንዳለፈበት ግን አልነገረውም። እኔ ዳገቱን ሳየው ገባኝ።

ደብረ ታቦር ድረስ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በኪራይ በቅሎ ሄድኩ። በቅሎዋ ካሜራዬን ከእኔ አብልጣ ታከብረው ነበር። እሱ ሲጫን ዝም ትላለች፣ እኔ ልወጣ ስል ትነክሰኛለች።

ካሜራው በኪስ የሚገባ ዓይነት አልነበረም። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው። እኔ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ በመስታወቱ አያለሁ። በመስታወቱ ላይ ደግሞ የሚታየው ሁሉ የተዘቀዘቀ ነው፤ ሰማዩ ከታች፣ ምድሩ ከላይ። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፤ ሲለመድ ዓለምን በትክክል ማየት ያስጠላል።

ለጋይንቷ ከተማ ለንፋስ መውጫ ስሙን ያወጣላት ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ውሸታም አልነበረም። በገበያው ዳር በድንጋይ አጥር መካከል የምታልፍ አንዲት አሮጌ መንገድ አግኝቼ ካሜራዬን ብተክል፣ ነፋሱ ጥቁር ጨርቄን ገፎ አንድ አህያ ላይ አለበሰው። ጨርቁን አስመልሼ ስዞር ሰው ከቦኛል። ከመካከላቸው ዱላ የተመረኮዙ ሽማግሌ ቀረብ አሉና፣ "ይኸ ባለ ሦስት እግር ምን ይለካል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይለካም አባቴ፤ ያያል" አልኩ።

"አይቶስ?"

"ያየውን ይይዛል።"

"ለማን?"

"አዲስ አበባ ላለ ሰው።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም የተጎዳሁበት የለም። ለካስ በዚያ ሰሞን መሬት ሊቀየስ ነው፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ አገሩን አዳርሶት ኖሯል። ቀያሽ የሚባለውም ሰው የሚመጣው እንደኔ ሦስት እግር ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወረወር በቅሎዋ ያለ ንክሻ አሳፈረችኝ። ከዚያ አልፌ አርብ ገበያ የምትባለውን ከተማ ላነሳ የነበረው ሐሳቤ እዚያው ቀረ።

ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ ወደ እስቴ ስወርድ ብልህ ሆኜ ነበር። ሳጥኑንም መቆሚያውንም በጆንያ ጠቅልዬ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ "አድባራትን የምሳለም መንገደኛ ነኝ" እላለሁ። ውሸት አይደለም። አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ባገኘሁ ቁጥር እሳለማለሁ፤ ሰው ዞር ሲል ደግሞ አነሳለሁ።

እስቴ ላይ በእግዜር እንግድነት ያሳደሩኝ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ውስጥ ባለትዳር ወንድ ልጃቸው፣ በዚያው ሳምንት ወንድ ልጅ የተገላገለች ምራታቸው፣ ከባሏም ተፋትታ የተመለሰች ሴት ልጃቸው አሉ። ባሏ የጨው ነጋዴ ነበር። ጨው ሊያመጣ እንደወጣ ሌላ አገር ሌላ ጎጆ ቀልሶ ተገኘ።

ዝናብ ይዞኝ ጥቂት ቀናት እዚያው ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ሲያባራ ከቤቱ ጀርባ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምትወስደውን አሮጌ መንገድ ላነሳ ጆንያዬን ፈታሁ። ድንጋዩ በስንት ዘመን እግር ተልጦ እንደ መስታወት ያበራል። ጨርቁን ተከናንቤ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህን የሸፈንከው?" አለች ሴት ልጃቸው።

ጋይንት ላይ የደረሰብኝን አጫወትኳትና ለማንም እንዳትነግር ለመንኳት። "ልየውና አልናገርም" አለች። ጨርቁን አከናነብኳትና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እየሮጥኩ ከፊት ለፊቷ ሄጄ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ጨርቁ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እግርህ ከላይ ነው" አለችኝ።

"ራሴስ?"

"ከታች። ጭቃ ሊነካ ምንም አልቀረው።"

እዚያው ወደድኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ስማዳ ተሻግሬ ወገዳ ከተማ አንድ ወር ያህል ሰነበትኩ። ወገዳ ላይ ያነሳኋቸው መንገዶች ሁሉ ጠማማ ናቸው፤ ቀጣሪዬ በኋላ "አገሩ ነው ወይስ አንተ?" ብሎኛል። አገሩ ምንም አላጠፋም። ልቤ እስቴ ነበር። ሽማግሌውን ልጃቸውን እንዲድሩልኝ ለመጠየቅ ወስኜ ተመለስኩ። ድንገተኛ የጥቅምት ዝናብ በስማዳና በእስቴ መካከል ያለውን ወንዝ እያሳበጠው ነበርና ጤነኛ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲጠብቅ እኔ በቅሎዬን እየተማፀንኩ ተሻገርኩ።

ሽማግሌው ቤት ስደርስ ሁሉም አዝነው ተቀምጠዋል። የነፍስ አባታቸው ቄስም አሉ። ለምን እንዳዘኑ አልጠየቅሁም፤ ፍቅር የያዘው ሰው የራሱን እንጂ የሰው ሐዘን አይታየውም። ሴት ልጃቸው ምሰሶው አጠገብ ቆማለች። ሽማግሌ የምልክበት ዘመድ በአገሩ የለኝም። እንዲሁ ድንገት "ልጅዎን ይስጡኝ" ከማለት በፊት የአባትየውን ልብ በአንድ ነገር ማለስለስ አለብኝ። ዓይኔ በናቱ እቅፍ ያለው ሕፃን ላይ አረፈ። የልጅ ልጁን ፎቶ የሚጠላ አያት ደግሞ የለም።

"አባቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ልጁን እኔ ላንሳው" አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። "ታነሳዋለህ?"

"በደስታ። ክፍያም አልፈልግ።"

"ለዚህም ክፍያ የሚጠይቅ ክርስቲያን አለ እንዴ?" አሉ ቄሱ። አዲስ አበባን እንደማያውቋት ገባኝ።

"ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም" አልኩ ሞቅ ብሎኝ፤ "ሦስት ጊዜ አነሳዋለሁ።"

"እንዴታ፤ ሥርዓቱም እሱ ነው። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ" አሉ ቄሱ። ሥራ በሥላሴ ስም ሲጀመር ያምራል ብዬ አማተብኩ።

"ነጭ ልብስ ቢለብስ ደስ ይላል።"

"ተሰፍቶ ተቀምጧል" አለች እናቱ።

"በጠዋት ቢሆን ይሻላል። ብዙ ንጹሕ ውኃም ያስፈልገኛል።" ውኃው ፊልሙን ላጥብበት ነው።

"ውኃውን ለኛ ተወው" አሉ ቄሱ።

ሽማግሌው ብድግ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ፎቶ እንዲህ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ወደ ምሰሶው ዞር ብል ሴት ልጃቸው በነጠላዋ አፏን ሸፍና ታየኛለች። ደስ ያላት መሰለኝ።

በማግስቱ "ቤተ ክርስቲያን እንገናኝ" ሲሉኝ አሮጌውን ደብር ለፎቶው የመረጡልኝ መስሎኝ ጆንያዬን ተሸክሜ ደረስኩ። ቄሱ ጆንያውን ከእጄ ተቀብለው አጥሩ ሥር አስቀመጡና ሕፃኑን አስታቀፉኝ። "ልጁ ሳይጠመቅ እንዳይቀር ስሰጋ ነበር" አሉ። "ክርስትና ሊያነሳው ቃል የገባው የስማዳ ሰው ወንዙ ሞልቶበት ቀረ። አርባ ቀኑ ደግሞ ዛሬ ነው።"

በኛ ቋንቋ ማንሳት የማይሠራው ሥራ የለም። ዕቃ ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ ክርስትናም ይነሳል። ካሜራዬን በጆንያ ደብቄ ለያዝኩት ለእኔ ደግሞ "ላንሳው" የምትለዋ ቃል ከነዚህ አንዷን ብቻ ይዛ ቤት ገብታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። "ፎቶ ማለቴ ነው" ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ይመለከቱኛል። አፌን ዘጋሁት።

ከተማ ብኖርም የማላውቀው ሕግ አልነበረም። ክርስትና ያነሳሁት ልጅ ልጄ ነው፤ ወላጆቹ አበልጆቼ ናቸው፣ የአባቱ እኅትም እኅቴ ናት። በአበልጅ መካከል ጋብቻ የለም፤ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው። ሁሉን እያወቅሁ ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን እንድክድ ታዘዝኩ። በምዕራብ በኩል የቆመችው እሷ ናት። እያየኋት "እክህደከ ሰይጣን" አልኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያች ደቂቃ አዝኜ አላውቅም። ልጁ ሦስቴ ውኃ ገብቶ ሦስቴ ጮኸ፤ እኔ በውስጤ ጮህኩ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁሉም እየተሳሳመ እንኳን ደስ አለን ይባባላል። እሷም መጣችና ዝቅ ብላ እጅ ነሳችኝ።

"አንቱ አበልጄ፣ እግዜር ይስጥልን" አለችኝ።

በድንጋዩ መንገድ ላይ አንተ ነበርኩ። በአንድ ጠዋት አንቱ ሆንኩ። ሦስት ጊዜ አነሳዋለሁ ያልኩትን ልጅም ያን ቀን አንዴም አላነሳሁት። ጆንያዬን እንደታሰረ ይዤ አገሬ ገባሁ።

ልረሳት ሞክሬ ነበር። ግን የክርስትና ልጅ ያለው ሰው ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ነውር ነው። መንገዴ ወደዚያ ባለ ቁጥር ለልጁ ልብስ ይዤ እሄዳለሁ። ካሜራዬንም አወቁት፣ ቀያሽ አለመሆኔንም አመኑ። ሽማግሌው በሞቱ ጊዜ ከሳጥኔ የወጣው ሥዕላቸው ነው የተለቀሰበት። እሷ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ገበሬ አግብታ ወለደች። የልጆቿን ሥዕል እያነሳሁ ዓመታት አለፉ።

አንድ የገና ቀን፣ የክርስትና ልጄ ዳዊት መድገም በጀመረበት ዓመት፣ በግ ታርዶልኝ ግቢ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ተቀምጠን ሳለ ነገሩን አነሳሁባት። ይኸም ይነሳል።

"ያን ቀን እኔ ፎቶ ማለቴ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።

"አሁን ነው የገባሽ?"

"ያኔውኑ። ሳጥንህን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።" ከዚያች ጠዋት ወዲህ አንተ ብላኝ አታውቅም ነበር።

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አንድ ቃል ብትናገሪ እኮ..."

"አባቴን ልትጠይቅ እንደመጣህ ገብቶኝ ነበር። ይሰጥህም ነበር።" ነጠላዋን አስተካከለች። "አንድ መንገደኛ ባል ቀምሼ ነበር። አንተንም በዚያ ጨርቅ ውስጥ ሆኜ አይቼሃለሁ። እግርህ ከላይ፣ ራስህ ከታች። እግሩ ከራሱ የሚበልጥ ሰው ባል አይሆንም። እንድትጠፋብኝም አልፈለግሁ። አበልጅ ሲሆን ግን የትም ቢሄድ ይመለሳል፤ ይኸው መጣህ።"

ይህን ብላ ተነስታ ገባችና ከበጉ ሳህን ሙሉ አቅርባልኝ፣ "አንቱ አበልጄ፣ ይብሉ እንጂ" አለችኝ።

በላሁ።