የአያ ታረቀኝ ክንፍ

የአየር ኃይል ሙዚየምን የሚረዳ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አባል ነኝ። ሸሕዲ አጠገብ የወደቀ የጦር አውሮፕላን ክንፍ እንዳለ ስሰማ፣ ሳልይዘው ላልመለስ ቆርጬ በአይሱዙ ወረድሁ።

ክንፉ አያ ታረቀኝ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ግቢ ውስጥ ዳስ ተሠርቶለት ተቀምጧል። ፍየሎቻቸው ፀሐይ ላይ ናቸው።

«አብራሪው በጃንጥላ ወርዶ እኔ ቤት አደረ። ሲሄድ፣ እስክመለስ ይህን አደራ ብሎኛል» አሉኝ።

«ሞቶ ቢሆንስ፣ አያ?»

«እሱ ቢሞት አደራው ይሞታል?»

ልጃገረድ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ላክሁባቸው። በስንት ልመና እሺ አሉ።

ክንፉን ጭነን ስንጨርስ ፍየሎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ጋቢያቸውንና ዱላቸውን ይዘው መኪናው ላይ ወጡ።

«ወዴት ነው፣ አያ?»

«አደራዬ ወደሚሄድበት።»

ክንፉ ሙዚየም ከገባ ከረመ። አያ ታረቀኝም እስካሁን አልወጡም።