ሽቦ የቻሉት ጥርሶች

ባሏ የመታት በቡጢ ነበር። ከሳሙና ፋብሪካው ዘግይታ ገባች፤ «የት ነበርሽ?» አላት፤ መልሷን ሳትጨርስ አገጯ ላይ አሳረፈባት። ስትወድቅ አፏ ከአልጋው ብረት ጋር ተላተመና ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወለሉ ላይ ወደቁ። እንደተኛች በርግጫ ደገማት። ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ባትገባ ኖሮ ይገድላት ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ራጁን አየና፣ «መንጋጋሽ ሁለት ቦታ ተሰብሯል» አላት። «የላይና የታች ጥርሶችሽን በሽቦ አንድ ላይ አስራቸዋለሁ፤ አለዚያ አይገጥምም። የበሰበሰ ጥርስ ደግሞ ሽቦ አይችልም።»

መብራቱን አስጠግቶ የኋላ ጥርሶቿን በትንሿ መስታወት ሲያይ ቆየ።

«እነዚህን ማን ሸፈነልሽ?»

በእጇ ከወለሉ ከፍ አድርጋ የልጅ ቁመት አሳየችው። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤታቸው የመጣች የጥርስ ነርስ ናት፤ ምግብ ገብቶ እንዳያበሰብስ የመንጋጋ ጥርሶቿን ስንጥቆች በፈሳሽ ደፍና በሰማያዊ ብርሃን አደረቀችላት። ማታ አባቷ፣ «አፍሽን ለማን ነው የምትከፍቺው?» ብሎ በቀበቶ ገረፋት። ይህ አልበቃ ብሎት ጭንቅላቷን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ሽፋኑን በሚስማር ሊፍቅ ታገለ። ድዷ ደማ፤ ሽፋኑ አልተነሳም።

«የአንዱ ሽፋን ጠርዝ ተበልቶ ከሥሩ መበስበስ ጀምሯል» አለ ሐኪሙ። «በየጊዜው መታየት ነበረበት። ሌሎቹ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ጤነኛ ናቸው። በእነሱ ነው የምይዘው።»

ከቀናት በኋላ ባሏ ከእናቱ ጋር መጣ። ጥርሷ በሽቦ ለተቆለፈ ሰው የተጠበሰ ሥጋ ይዞላት ነበር።

አማቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ገበና በቤት ነው የሚያምረው። ለፖሊስ ደረጃ ጣለኝ በይ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«አፍሽ ታስሮም አታርፊም?» ብሎ ባሏ በፋሻ የታሰረ አገጯን ጨበጠና ጠመዘዘው። ዓይኗ ጨለመባት። እጇ የግሉኮሱን መስቀያ ብረት አገኘ፤ ባላት አቅም ሁሉ ጆሮው ሥር አሳረፈችው። ደሙ አንሶላውን አራሰው።

«ልጄን ገደለችው!» አሉ አማቷ።

በር ላይ የደረሰው ጥበቃ፣ «ማዘር፣ የሞተ ሰው እንዲህ አይሳደብም» ብሎ ባልየውን ክንዱን ጠምዝዞ አወጣው።

ፍርድ ቤት ለምስክርነት የቀረበችው ሽቦው ሳይፈታ ነው። ዳኛው፣ «ከከበደሽ ጽፈሽ ስጪን» አሏት። እምቢ አለች።

«መታኝ» አለች፣ ጥርሶቿ እንደተገጠሙ። «በቡጢ። ከዚያ በርግጫ።»

የባሏ ጠበቃ ጆሮውን አዘነበለ። «አልተሰማኝም፤ ወደቅኩ ነው ያልሽው?»

ዞራ አየችው። ሽቦው ድዷን እየወጋት፣ ምራቋ ደም እየቀላቀለ፣ አንድ በአንድ ደገመችለት። ጠበቃው ተመልሶ ተቀመጠ። ባሏ በእስራት ተቀጣ፤ ሲወሰድ በአጠገቧ ቢያልፍም ቀና ብሎ አላያትም።

እሷ ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ወጣች። መንገዱን ተሻግረው ታክሲ ውስጥ ገቡ።