ኪሎውን ያጠፋው አስጠኚ

ትናንት ከአስር ሰዓት በኋላ... ልጄን ፈይዛን የሚያስጠናትን አብዲን ከቤቴ አባረርኩት። ያውም ጎረቤት እያየ።

ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቀፊራ ገበያ ማሽላ ስሸጥ ያላታለለኝ የለም። ስለዚህ አሁን የተጻፈ ነገር ካየሁ ገብቼ ካላነበብኩ አይሆንልኝም። ፈይዛ ደግሞ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋ ደርሷል። ፊዚክስ አልገባ ብሏት ስታለቅስ ነው ይህን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለመንንላት።

ጥያቄው፣ አምስት ኪሎ ብረት ከጣሪያ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው የሚል ነው። አብዲ «ጉልበት አይጠፋም። ላይ እያለ የነበረው፣ ሲወርድ ወደ ፍጥነት ይቀየራል» አላት።

የኔስ ጉልበት ታዲያ የት ገባ? አልኩ በሆዴ።

ቀጥሎ ግን «ኪሎው ከእኩል ምልክቱ በሁለቱም በኩል ስላለ እናጥፋው» ብሎ ሰረዘው። ደሜ ፈላ።

«አምስት ኪሎ ተጽፎ አይቻለሁ! የት ወሰድከው?»

«ኤዶ፣ እናቴ፣ ስሚኝማ... ቢከብድም ቢቀልም ፍጥነቱ አንድ ነው።»

«ኪሎ የሚያጠፋ ሌባ ነው! አቦ ውጣልኝ!»

ፈይዛ «እማ፣ ወላሂ ልክ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰበሰበ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ፈይዛ አልጮኸችብኝም። ከሚዛኔ ባለሁለት ኪሎውንና ባለሩብ ኪሎውን ብረት አንስታ ደረጃው ጫፍ ላይ ወጣች። «ታች ሆነሽ እዪ» ብላ እኩል ለቀቀቻቸው።

ጧ! አንድ ድምፅ።

«ድገሚው» አልኳት። ደገመችው... አሁንም አንድ ጧ።

ጎረቤቴ ሐሊማ «ሌባው ተያዘ ወይ?» ብላ ሳቀች። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጠዋት እነአብዲ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት። «አፉ በይኝ፣ ልጁ ይመለስልኝ፣ የፈይዛ ፈተና ነው» አልኳት። ግቢም አላለችኝ።

«ልጄን ሌባ ያልሽው ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው፣ እነሱው ፊት በዪው። ያኔ ይመጣል።»

እና ይኸው፣ ዛሬ በየቤቱ እየዞርኩ «ኑ ስሙልኝ» ማለት አለብኝ... ለስድቡማ ማንም ሳይጠራቸው ነበር የመጡት።