እናቴ ያጠበችው ልብስ

እናቴ ቆሻሻ አትወድም። ይህን የምለው ላሞግሳት ብዬ አይደለም፤ ልጅነቴን ያሳለፍኩት አንገቴንና ክርኔን በሳሙና ስፈተግ ስለሆነ ነው። ቤታችን ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ እንጦጦ መውጣት በሚጀመርበት ዳገት ላይ ነው። ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንድ ሁለቴ ነው። ውሃው በመጣ ቀን ጎረቤት ሁሉ ጀሪካን ለመሙላት ሲሯሯጥ እናቴ ዘፍዝፋ ልብስ ታጥባለች። ነጠላዋ ዓይን ይወጋል ይላሉ።

ሌላም የምትወደው ነገር አላት፤ ዝምታ። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይቀናታል። የአባቴን መጠጥ በዝምታ ቻለች፣ የአክስቴን ፍቺ በዝምታ ቀበረች። እኔ በተፈጥሮዬ አፈኛ ነኝ። «ይቺን ከማን ነው የወለድኳት?» እያለች ትስቅብኛለች።

ታናሽ እህቴ ግን እሷን ነው የወጣችው። ሚጣ ነው የምንላት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ወሰን፣ ጋራዦች በሚበዙበት መንገድ ዳር፣ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። እኔ ሲግናል አካባቢ ቤት ተከራይቼ፣ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ልገባ ስል እናቴ ደወለች።

«ሚጣን ትንሽ አሟታል። ጸበል ይዣት ወጥቻለሁ።»

«ምኗን ነው ያመማት?»

«ሰው ፊት አታናግሪኝ» ብላ ዘጋችው።

ጉንፋን ቢሆን ኖሮ ከነሳሉ ትተርክልኝ ነበር። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ።

ተራራው ላይ ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። እህቴ ከጸበሉ ወጥታ፣ እርጥብ ነጠላ ተከናንባ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። እናቴ ትንሽ ራቅ ብላ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ጸበል ለመቅዳት ተራ ትጠብቃለች። እህቴ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ «ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ቅዳሜ ሱቁ ሲዘጋ ባለቤቱ ሒሳብ እንይ ብሎ አስቀረኝ» አለች። ቆይታ፣ «በሩን ቆለፈው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም። እሷ ናት የጨመረችልኝ። «ለእማዬ ያኔውኑ ነገርኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ውሃ አሞቀች።»

ሰውየውን ልገድለው ፈለግሁ። ለወግ ያህል የምለው አይደለም፤ በእጄ ልገድለው ነው የፈለግሁት። ቁጣው ትንሽ በረድ ሲል ግን ከቁጣው የባሰ ነገር መጣብኝ፤ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። መታወቂያ ሲጠፋ የት እንደሚኬድ፣ የመብራት ቆጣሪ ሲበላሽ ለማን እንደሚደወል አውቃለሁ። ይህን ግን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ስልኬን አውጥቼ «የተደፈረች ሴት መጀመሪያ የት ትሄዳለች» ብዬ ጻፍኩ። ስለሌሎች ሴቶች የተጻፈ ዜና መጣልኝ። ከሥሩ ሰዎች «እሷስ ምን ልትሠራ ሄደች?» እያሉ ይከራከራሉ። አንድ ሰው ስለ አለባበስ ረጅም ስብከት ለቋል። የት እንደሚኬድ የሚናገር አላገኘሁም።

«ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኳት።

እናቴ ደረሰችብን። «የትም አትሄድም። ሰባት ቀን ይዘናል፤ ሱባኤ አይቋረጥም። ሐኪም ቤት ከገባች ደግሞ ወሬው ቀድሞን ሰፈር ይገባል። ገመናችንን ልታወጪ ነው?»

«ገመናው የኛ አይደለም፤ የሱ ነው!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

ዝቅ አላደረግሁም። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ያስታረቀችን ሚጣ ናት። ቀና ሳትል «እማዬ፣ በረደኝ። ከሷ ጋር ልሂድ» አለች። እናቴ ጀሪካኗን ተሸክማ ተከተለችን።

መጀመሪያ የገባነው ከዳገቱ ሥር ካለች አንዲት ክሊኒክ ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ በመስኮቱ በኩል «ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ከኋላችን ሰልፍ አለ። አንገቴን አስግጌ በሹክሹክታ ነገርኳት። «እ? አልሰማሁሽም!» አለች ጮክ ብላ። ሰልፉ ጸጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ደግሜ ስነግራት ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄ የፖሊስ ደብዳቤ ይፈልጋል።»

ፖሊስ ጋ ሄድን። ተረኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለእናቴ ወንበር ስቦ ሰጥቷታል። ግን «መጀመሪያ ሐኪም ቤት ታይታ ማስረጃ ይዛችሁ ኑ» አለን። ልቆጣው ብዬ እንባዬ ቀደመኝ። ወደ ክሊኒኳ ስንመለስ እህቴ እንደ ዕቃ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትገፋ አንዴም «ደከመኝ» አላለችም። ሌላ በሽተኛ ያጀበች ነው የምትመስለው።

እዚያው ክሊኒኳ ውስጥ መጸዳጃ ቤት ልግባ ስትል አብሬያት ገባሁ። ከበሩ ጀርባ፣ በሩን ካልዘጉት በማይታይበት ቦታ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የስልክ ቁጥሩ ያለበት ጥግ ተቀዶ ተወስዷል። ቀዳጁን ረገምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ በሩን ቆልፋ፣ ስልኳን ማውጣት ፈርታ፣ ቁጥሩን ቀዳ ጡቷ ሥር የደበቀች ሴት እንደነበረች። የተረፈው ግን ይበቃን ነበር። አገልግሎቱ ነፃ የሆነበትን ሆስፒታል ስም ይናገራል። ሐኪሙም ፖሊሱም በአንድ ቦታ እንደሚገኙ፣ ቀድሞ ደብዳቤ ማምጣት እንደማያስፈልግ፣ ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት ሦስት ቀን ሳያልፍ መጀመር እንዳለበትም ጽፈውበታል። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። ሱባኤው እስኪያልቅ ብንጠብቅ ኖሮ መድኃኒቱ ለምንም አይሆንም ነበር።

በኮንትራት ታክሲ በረርን። የሆስፒታሉ ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። በዕድሜ ገፋ ያለች ነርስ ተቀበለችን። ከሁሉ በፊት በሩን ዘጋች። እኛን ትታ እህቴን ነው ያነጋገረቻት። «የማትፈልጊውን ነገር እንቢ ማለት ትችያለሽ፤ እኔ አልቀየምም» አለቻት። ሚጣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። መድኃኒቱ ተሰጣት፤ እዚያው የመጀመሪያውን ዋጠች። እናቴም ፊቷ ትንሽ ፈካ።

ከዚያ ነርሷ «ቅዳሜ የለበሰችው ልብስ የት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ከጠዋት ጀምሮ እናቴ የምታውቀው ነገር ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀና አለች። «አጥቤዋለሁ» አለች። «ሸሚዟንም፣ የውስጥ ልብሷንም። ሁለቴ ዘፍዝፌ፣ በበረኪና ነው ያጠብኩት። ምንም የለበትም።»

ነርሷ እናቴን ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «ይሁን፣ እማማ» አለቻት። «እርስዎ ምን ያድርጉ? ማን ነገረዎት?»

ስንመለስ ሚኒባስ ላይ እናቴ በመስኮት እያየች «ልብሱን ለምን ፈለገችው?» አለችኝ። እንዴት ብዬ እንደማለሳልሰው ሳስብ ሚጣ ቀደመችኝ። «እማዬ፣ የሱ ምልክት ልብሱ ላይ ነበር» አለቻት። ቁጣ የለበትም፤ ሰዓት እንደተጠየቀች ሁሉ ነው የመለሰችላት። ጠብታ እንዳይፈስባት ስትጠነቀቅለት የዋለችውን ጸበል፣ ከነጀሪካኑ፣ እናቴ መኪናው ውስጥ ረስታው ወረደች። ቤት ስንደርስ ሸሚዙ ገመዱ ላይ ነበር። ነጭነቱ ያስጠላል።

ክስ መሠረትን። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ አንድ እሑድ፣ ባለ ሱቁ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ከራሳችን እድር ነው። ትልቁ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ሰይጣን አሳስቶት ነው። የልጅቷም ስም በየፍርድ ቤቱ ከሚጎተት በዕርቅ ይለቅ» አሉ። እናቴ በዕድሜዋ ሽማግሌ መልሳ አታውቅም። የመለሰም ሰው ስታይ ታማትባለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል በእጇ ከለከለችኝ። አለቀልን አልኩ።

«አባቶቼ፣ እኔ አንዴ አጥቤለታለሁ» አለቻቸው። «ሁለተኛ አላጥብለትም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንዳለች የገባቸው አልመሰለኝም። ሚጣ ግን ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

ይህ ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ፍርድ ይወጣ ነበር። ከወራት ምልልስ በኋላ መዝገቡ በማስረጃ ማነስ ተዘጋ። ሰውየው ዛሬም ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከሚኒባስ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ሚጣ ክኒኑን እያስመለሳት ወሩን ሙሉ ዋጠች፤ ደሟ ነፃ ሆነ። ሌላ ሥራ አገኘች። በወሰን በኩል ግን አታልፍም፤ በር ሲዘጋም ትደነግጣለች። ተሽሏታል የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ።

እናቴ አሁንም ጸበል ትወጣለች። በቅርቡ አብሬያት ወጣሁ። ተራ ስንጠብቅ ከፊታችን አንዲት እናትና ልጅ ነበሩ። ልጅቷ እርጥብ ነጠላ ተከናንባ መሬት መሬት ታያለች፤ እናትየዋ የሚያያቸውን ሰው ሁሉ በዓይኗ ታባርራለች። እናቴ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ያ ሁሉ ዝምታ የት እንደገባ እንጃ፣ የሴትየዋን ክንድ ያዘች።

«እህቴ፣ ልብሷን አጥበሽዋል እንዴ?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ከዚያ ቀና አለች። «አዎ» አለች፤ «በደንብ አድርጌ ነው ያጠብኩት። ምንም የለበትም።»

እናቴ የልጅቷን እርጥብ ነጠላ ገፍፋ የራሷን ደረቁን አለበሰቻትና፣ እናትና ልጅን ይዛ ቁልቁለቱን ወደ ታክሲ ተራው መውረድ ጀመረች።