ከማበጠሪያ የተለቀመ ፀጉር

ጌጤነሽን የማውቃት እዚህ አረብ አገር፣ ፋርዋኒያ ነው። አርብ ዕረፍት ሲሰጧት በጋራ ወደተከራየናት ቤት ትመጣለች። ሳቂታ ነበረች። አሁንማ በር ሲንኳኳ እንኳ ክው ትላለች፤ ይሄን ሳይ እንዴት እንደምናደድ እኔ ነኝ የማውቀው።

የምትሠራው አሕመዲ፣ ሰው ቤት ነው። ማዳሟ ሰሃር ትባላለች፤ ዋና ሥራዋ ግን የሰሃርን እናት ማጠብና ማበጠር ነው። አሮጊቷን ማማ ከቢራ ይሏቸዋል፣ ትልቋ እማማ እንደማለት።

መጀመሪያ ሰሞን ሻምፖውን አፍስሳ፣ አረፋ በአረፋ አድርጋ ልታለቀልቃቸው ስትል ማማ ከቢራ እጇን ያዙ። “ሻምፖ እንዲህ አይደለም” አሏት። አባታቸው በመርከብ ቦምቤይ እየተመላለሱ የነገዱ ሰው ነበሩና ነገሩን ከሳቸው ሰምተዋል። ቃሉን እንግሊዞች የወሰዱት ከህንዶች ነው፤ በህንዶቹ ቋንቋ “ጫን፣ እሽት አድርግ” ማለት ነው። እንግሊዞቹም ድሮ ሻምፖ የሚሉት ገላ መታሸትን ነበር። ፀጉር መታጠብ የሆነው ኋላ ነው፣ የጠርሙሱ ሳሙና ደግሞ ከዚያም በኋላ። “ስለዚህ እሺኝ” አሏት። ጌጤ ጣቷን ሰድዳ ስታሻቸው እንደ ሕፃን እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ልጠብሽ ብትል እንኳ እምቢ፣ ጌጤን ጥሩልኝ ነው።

ታዲያ በእርጅና ፀጉር ይረግፋል። እኛ አገር ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር ዝም ብሎ አይጣልም፤ ወፍ ወስዳ ጎጆ ከሠራችበት ባለቤቱን ራስ ምታት አይለቀውም ይባላል። ጌጤም አዝናላቸው ነጩን ፀጉር እየለቀመች በሶፍት ትጠቀልላለች፣ አርብ ስትወጣ አፈር ፈልጋ ልትቀብረው። እስከዚያ የት አስቀመጠችው? ፍራሿ ሥር። አይ ጌጤ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል።

ሰሃር ክፍሉ ይጽዳ ብላ ፍራሹን ስታስገለብጥ አገኘችው። “ሲሕር” አለች፣ ድግምት ማለቷ ነው። በዚህ ነገር ተከሳ የታሰረች ልጅ ወሬ ከመሀላችን ያልሰማ የለም፤ ጌጤም ሰምታለች። ያወቀችው አረብኛ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

“ለዚህ ነዋ እናቴ ከእኔ ይልቅ አንቺን የምትፈልገው” አለቻት ሰሃር፣ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አውጥታ። “በእጅሽ እያሻሸሽ አፈዘዝሻት።” ጌጤ በኋላ ስትነግረኝ፣ ይሄን ስሰማ የራሴን እጅ ፈራሁት አለችኝ። እስር ቤቱ ታያት። እናቷ ታየቻት።

ያተረፋት የቤቱ ሹፌር ሀምዛ ነው፣ የወሎ ልጅ። ጩኸቱን ሰምቶ ገባና በቁርአን ምሎ የአገራችንን ልማድ አስረዳ፤ የእናቴንም ፀጉር የምንቀብረው እንዲሁ ነው አለ። ሰሃር ግማሹን ያመነች ይመስለኛል። ስልኩን አስቀመጠችና “እሺ፣ ፖሊስ ይቅር” አለች። “ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የእናቴ ፀጉር አይገኝም።”

የባሏን የፀጉር መላጫ ማሽን አመጣች። ማማ ከቢራን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሙልጭ አድርጋ ላጨቻቸው። ጌጤ ከጎን ፎጣ ይዛ ቆማለች፤ ከሲሕር ክስ እንደዳነች ገና አላመነችም።

ሲያልቅ አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ዳበሱ። ደጋግመው ዳበሱ። ልጃቸውን አላዩም፣ ወደ ጌጤ ዞሩ።

“ምን አጥፍቼ ነው?” አሏት።

ሰሃር ማሽኑን እንደያዘች ጌጤን ታያታለች።

“አላውቅም፣ ማማ” አለች ጌጤነሽ።